ቆጣሪው ሥር ያልደረሰ ደንብ

«ሕጉ ጥሩ ነው፤ ችግሩ አፈጻጸሙ ላይ ነው።» በአገራችን መድረኮች ከዚህ በላይ የሚደጋገም አባባል ያለ አይመስለኝም። ሰው በገዛ ቤቱ በኤሌክትሪክ በሞተ ቁጥርም የሚሰማው ይኸው ነው። አዋጁ አለ፣ ደረጃው አለ፣ ፈቃድ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት አለ፤ ሟቹ፣ ጎረቤቱ ወይም ሽቦውን የዘረጋው ልጅ ስላላከበረው ነው ይባላል። ከዚያ «ኅብረተሰቡ ይጠንቀቅ» የሚል ማሳሰቢያ ይነገርና ነገሩ ይዘጋል፤ እስከሚቀጥለው ክረምት፣ እስከሚቀጥለው ለቅሶ ድረስ።

እኔ ይህን አልቀበልም። የቤት ኤሌክትሪክ ደንብ ነፍስ ያድናል፤ በብዙ አገር አድኗል። ያዳነው ግን ግድግዳው ላይ የሚገጠም አንድ የተወሰነ ዕቃ ግዴታ ያደረገው ደንብ ነው። ማን ይሥራ፣ ማን ይፈርም፣ ማን የብቃት ወረቀት ይያዝ የሚለው ደንብ ብቻውን ያተረፈው ሰው ጥቂት ነው። እኛ ደግሞ እምነታችንን የጣልነው በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው። ፍኖተ ሰላም ዳርቻ ወይም ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ በጭቃ ቤት ለሚኖር ሰው «ጥሩ ሕግ አለህ» ማለት ስለዚህ እውነት አይደለም። ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ደጃፍ ላይ እንደሚያስፈጽመው ሳይወሰን የተጻፈ ሕግ ከመነሻው ጎደሎ ነው፤ ጉድለቱን ለአፈጻጸም ማሸከም ሕግ አውጪውን ከተጠያቂነት ማስመለጥ ነው።

እስቲ ያለንን እንመልከት። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ዘርፉን የሚቆጣጠር ባለሥልጣን አቋቁሟል፤ ዛሬ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የሚባለው መሥሪያ ቤት ሥራውን ይዞ ቀጥሏል። የኤሌክትሪክ ዝርጋታ የሚሠራ ሰው እንደየደረጃው የብቃት ማረጋገጫ መያዝ አለበት። በፈረንጆቹ 1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንጻ ኮድ ስታንዳርድም አሥረኛ ክፍሉን ለሕንጻዎች የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ሰጥቷል። መጽሐፉ መሐንዲስ ለመሐንዲስ የጻፈው ነው፤ ፎቅ ለሚነድፍ ሰው ይጠቅማል። የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ ሲወጣ ዓይኑን የጣለው ከተሞች ላይ ነበር፤ መለኪያውም 10,000 ነዋሪ ነበር። ከዚያ በታች ያለው የገጠር ቀበሌ፣ የገበሬው ቤት፣ የመንደሩ ጠላ ቤት፣ የቀበሌው ማዕከል ላይ ሁለት ሱቅ ያለው ሰው፣ ሁሉም ከወረቀቱ ጠርዝ ውጭ ቀሩ። መብራቱ ግን ወረቀቱን አልጠበቀም። በፈረንጆቹ 2005 ከተጀመረው የገጠር ኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም ወዲህ ምሰሶው ሕጉ ያልረገጠው መንደር ድረስ ሄዷል።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። ቤቱ በባሕር ዛፍ የተማገረ፣ በጭቃ የተመረገ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ነው። ከምሰሶው የመጣው መስመር ቆጣሪው ጋ ይቆማል። ከቆጣሪው ወዲያ ያለው «የደንበኛው ኃላፊነት» ነው። ደንበኛው ደግሞ ገበሬ ነው፤ ወይም ዶሮ የምታረባ፣ ጠላ የምትጠምቅ፣ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እናት ናት። ሽቦውን የሚዘረጋላቸው ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የወጣ፣ ወይም ከአንድ ኤሌክትሪሺያን ሥር ሆኖ እጁን ያፍታታ የሰፈሩ ልጅ ነው። ሽቦው በማገሩ ላይ በምስማር ይታሰራል። ሶኬቱ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ባለ ሦስት ሽቦው ዕቃ ሲመጣ የመሬቱ ሽቦ ተቆርጦ ይጣላል። አምፖሉን እንዲሸከም የተዘረጋው ቀጭን ሽቦ በሚቀጥለው ዓመት የኤሌክትሪክ ምጣድ ይሰካበታል። ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚወስድ ዕቃ ነው፤ በ220 ቮልት ከ13 አምፔር በላይ ይስባል። ሽቦው ይሞቃል፣ ስፒናው ይቀልጣል፣ ማገሩ ይጠቁራል።

ምጣዱ ይነዝራል። ይህን የማያውቅ የጎጃም ጓዳ የለም። የጋጋሪዋ እግር እርጥብ መሬት ላይ ከሆነ፣ ምጣዱ አዲስ ከሆነ ወይም በክረምት ጭቃው እርጥበት ከሳበ፣ እጇ አክንባሎውን ወይም የብረት ጠርዙን ሲነካ ይነዝራታል። መፍትሔው በየቤቱ ይታወቃል፤ የላስቲክ ጫማ ይደረጋል፣ ከእግር ሥር ጣውላ ይነጠፋል። ይህ የእናቶች ብልኃት እስካሁን ስንት ሰው እንዳተረፈ ሳስብ አከብረዋለሁ። ነገር ግን አንዲት ሴት በየቀኑ እንጀራ ለመጋገር ጣውላ ላይ መቆም ካለባት ያ ቤት ውስጥ ደንብ የለም ማለት ነው። «ትጠንቀቅ» የሚለው ማስታወቂያ የሚነግራት ነገር እሷ ከማስታወቂያው ጸሐፊ በተሻለ የምታውቀውን ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ብዙዎች የሚሳሳቱበትን ነጥብ ላብራራ፤ ክርክሬ የቆመው በእሱ ላይ ነውና። «ቤቴ ብሬከር አለው» የሚል ሰው ራሱን የተጠበቀ አድርጎ ያያል። ብሬከሩ የሚጠብቀው ግን ሽቦውን ነው። ሃያ አምፔር ብሬከር የሚቆርጠው ከሃያ አምፔር በላይ ሲያልፍ ነው። እርጥብ እጅ ያለው፣ በባዶ እግሩ የጭቃ ወለል ላይ የቆመ ሰው የ220 ቮልት መስመር ሲነካ በሰውነቱ የሚያልፈው ከአንድ አምፔር አምስት እጅ አንዱን ያህል ቢሆን ነው። ልብን ለማቆም ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ ለብሬከሩ ግን ከመቶ እጅ አንዱ ነው። ብሬከሩ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ሰው እየሞተ አምፖሉ እንደበራ የሚቀጥለው ለዚህ ነው።

ታዲያ የመሬት ሽቦ ቢቀበርስ? ይቀበር፤ ግን እሱም ብቻውን አይበቃም። የመሬት ሽቦው ዘንግ የተቀበረበት አፈር በበጋ ሲደርቅ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ይወርዳል። መቋቋሙ 50 ኦም ከሆነ ከተበላሸ ዕቃ ወደ መሬት የሚፈሰው 4 አምፔር ያህል ነው። ሃያ አምፔሩ ብሬከር ይህንንም አያየውም፤ የዕቃው ብረት አካል ኃይል ተሸክሞ ይቆያል። የሚያየው ሌላ ዕቃ ነው፤ ባለሙያዎች አርሲዲ ይሉታል። በአንዱ ሽቦ የሄደውንና በሌላው የተመለሰውን ኃይል ያመዛዝናል፤ ከ30 ሚሊአምፔር በላይ ከጎደለ፣ ማለትም የሆነ ቦታ በሰው ወይም በብረት በኩል ወደ መሬት እየፈሰሰ ከሆነ፣ ሰው ትንፋሽ ሳይስብ ይቆርጠዋል። ለእኛ ቤት ትልቁ ጸጋው ደግሞ የመሬት ሽቦ ባይኖር እንኳ ሰው በነካው ቅጽበት መቁረጡ ነው። ሶኬቱ ሁለት ቀዳዳ ቢሆን፣ ቤቱ ጭቃ ቢሆን፣ ዘርጊው ወረቀት ባይኖረው፣ ዕቃው ሥራውን ይሠራል።

ይህ ዕቃ ወደ ተራ ሰው ቤት ከገባባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ አፍሪካ ውስጥ ነው። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ በደቡብ አፍሪካ ሔንሪ ሩቢን የተባለ መሐንዲስ ለወርቅ ማዕድን ማውጫዎች የሚሆን፣ የፈሰሰ ኃይል የሚቆርጥ መሣሪያ ሠራ። ከዚያ ስቲልፎንቴይን በምትባል የማዕድን ሠራተኞች መንደር ሴቶች በቤታቸው ውስጥ በኤሌክትሪክ ሲሞቱ፣ በ1957 እና በ1958 በ20 ሚሊአምፔር የሚቆርጡ መሣሪያዎች በጥቂት መቶ ቤቶች ተገጠሙ። መንደሯ ለሞቱት ሴቶች የሰጠችው መልስ ስብከት አልነበረም፤ ዕቃ ገጠመች። በአሜሪካ በ1961 የበርክሌዩ ቻርልስ ዳልዚል የራሱን ዓይነት ሠራ፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ኮድ ለውጭ ሶኬቶች፣ ቀጥሎ ለመታጠቢያ ቤት፣ ኋላም ለማብሰያ ቤት ግዴታ አደረገው። በሚቀጥሉት ዐሥርት ዓመታት የኤሌክትሪክ ፍጆታው እያደገ በኤሌክትሪክ ድንገት የሚሞተው ሰው ቁጥር ከግማሽ በታች ወረደ። ሌላም ምክንያት ረድቷል፤ ዕቃዎች በድርብ መከላከያ መሠራታቸው አንዱ ነው። ያም ቢሆን ዕቃው ላይ የተጣለ ግዴታ ነው፤ ክርክሬን ያጠናክረዋል።

የወረቀቱ ደንብስ ምን አመጣ? እንግሊዝና ዌልስ በፈረንጆቹ ጥር 2005 የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ሥራ በተመዘገበ ባለሙያ እንዲሠራ ወይም ለአካባቢው ባለሥልጣን እንዲታወቅ ግዴታ ያደረገ ደንብ ሥራ ላይ አዋሉ። በቋሚ ዝርጋታ ጉድለት የሚሞተው ሰው ቀድሞውንም በጣም ጥቂት ነበር። በ2013 እንግሊዝ ራሷ የማሳወቅ ግዴታውን አጠበበችው። ኒውዚላንድ ደግሞ የቤቱ ባለቤት የራሱን ቤት አንዳንድ የኤሌክትሪክ ሥራ እንዲሠራ ትፈቅዳለች፤ ከመብራቱ ጋር ከመገናኘቱ በፊት ፈቃድ ያለው መርማሪ እንዲፈትሸው ታዛለች። ጎረቤቷ አውስትራሊያ ይህንኑ ሥራ ለባለቤቱ ትከለክላለች። ኒውዚላንዶች ስለተፈቀደላቸው በየቤታቸው አላለቁም። የተፈተሸው ሥራው እንጂ የሠሪው ማንነት ስላልሆነ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስቆጣኝ ግን የቆጣሪ ጉዳይ ነው። በፍኖተ ሰላም ዳርቻም፣ በቡሬ ዙሪያም፣ በሌሎች የአማራ ክልል ከተሞችም አንድ ቆጣሪ ከአንድ በላይ አባወራ ያበራል። ቆጣሪ ለማግኘት ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል፤ የሌለው ከጎረቤት ይቀጥላል፤ በወር ሒሳብ ይካፈላሉ። ይህ ሕገ ወጥ ቅጥያ ተብሎ ይወገዛል። ውግዘቱ ምን ያመጣል ብላችሁ አስቡ። ቅጥያው አይቀርም፤ ልጅ ማጥናት አለበት፣ ስልክ ቻርጅ መደረግ አለበት። ይደበቃል እንጂ። በአጥር ውስጥ፣ በደረቀ ቅጠል ሥር፣ በሣር ክዳን ውስጥ ያልፋል፤ በሌሊት ይታሰራል፤ በልብስ ማስጫ ሽቦ አጠገብ ይዘረጋል። በአደባባይ በወፍራም ኬብል በእንጨት ከፍ ብሎ ሊሄድ ይችል የነበረው መስመር ደንቡን ፍርሃት መሬት ለመሬት ይሳባል። ክረምት ሲገባ፣ በቆሎው ሰው ሲያህል፣ ሽቦውን ማንም አያየውም፤ ላም ትረግጠዋለች፣ ሕፃን ይረግጠዋል። ይህን ሞት ደንቡ ራሱ ይፈጥረዋል ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ቆጣሪው ሥር አርሲዲ የተገጠመ ቢሆን ግን ከዚያ በኋላ የተቀጠለው ሁሉ፣ ፈቃድ ያለውም የሌለውም፣ በጥላው ሥር ይገባ ነበር። ሣር ውስጥ የተጋለጠውን ሽቦ የረገጠው ልጅ የማን ቤት ልጅ ነው ብሎ ዕቃው አይጠይቅም።

ተቃውሞዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹም ከባድ ናቸው። ከሁሉ ጠንካራው ከምጣዱ ይመጣል። የሚነዝር ምጣድ አርሲዲውን እየደጋገመ ይጥለዋል፤ ጋጋሪዋ ሊጡ ኮምጦ እየጠበቃት መብራቱ ሲቆረጥባት ልጁን ጠርታ «አልፈህ አገናኘው» ትለዋለች፤ በሦስተኛው ቀን ዕቃው ግድግዳው ላይ ጌጥ ይሆናል። እውነት ነው። በአንድ ቆጣሪ ሥር አምስት ቤት ካለ ደግሞ የአንዱ ቤት ጥፋት አምስቱን ያጨልማል፤ ጠቡም ይከተላል። መልሱ በየቤቱ አንድ፣ ለምጣዱም ለብቻው አንድ ማድረግ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ምጣዱ ራሱ ወደ ደንቡ መግባት አለበት። አገር ውስጥ የሚመረት፣ በየገበያው የሚሸጥ ዕቃ ነው፤ ሽቦው ከብረት አካሉ ምን ያህል እንደተለየ ተለክቶ፣ ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ ይዞ ብቻ እንዲሸጥ ማድረግ ይቻላል። አምራቾቹ ከገበሬ ቤቶቹ እጅግ ያነሱ ናቸው፤ እያንዳንዱን ጓዳ ከመቆጣጠር አምራቹን መቆጣጠር ይቀላል።

ዋጋውስ? ለድሃ ቤት ምንም ነገር ቀላል አይደለም፤ አርሲዲው ግን ከምጣዱ ዋጋ አይበልጥም። መብራት አገልግሎት (የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት) ቆጣሪ ሲያስገባ ከቆጣሪው ጋር በአንድ ሳጥን ገጥሞት ክፍያውን በወራት ቢከፋፍለው ተቃውሞው ይወድቃል። ቃጠሎን አርሲዲው ሁልጊዜ አይከላከልም፤ ከአቅሙ በላይ የተጫነ ቀጭን ሽቦ ሲነድ ምንም ወደ መሬት ላይፈስ ይችላል። ለዚህ ትክክለኛ ልክ ያለው ብሬከር ያስፈልጋል፤ በገበያ ላይ መዳቡን ቀንሶ ወይም በአልሙኒየም ተክቶ የሚሸጠውን ሽቦ ከመግቢያው መያዝም ያስፈልጋል። ሁለቱን መስመር ባንድ ጊዜ የያዘ ሰውንም አያድንም። ይህን ሁሉ አምናለሁ። ነገር ግን ሁሉን የማያድን ነገር ማንንም አያድንም ብሎ መተው የሕግ ሰው ክርክር ሊሆን አይገባም።

«ባለሙያው ፈቃድ ከሌለው ዕቃውም በትክክል አይገጠምም» የሚሉኝ አሉ። ስለዚህ ነው የሚገጥመው መብራት አገልግሎት መሆን አለበት የምለው። ወደ እያንዳንዱ ቤት የሚደርስ፣ ሽቦው ላይ እጁ ያለ፣ የቆጣሪ ማኅተም ተሰብሮ እንደሆነ የሚመለከት መሥሪያ ቤት እሱ ብቻ ነው። ባለሥልጣኑ ለእያንዳንዱ ወረዳ መርማሪ ሊመድብ አይችልም፤ ቀበሌው ሙያው የለውም። የሕንጻ ሹሙ ከከተማው አይወጣም። መብራት አገልግሎት ግን ኃይል እንዳይሰረቅበት ቆጣሪውን ይፈትሻል። ለኪሎዋት የተዘረጋው እጅ ለነፍስም ይዘርጋ። የአርሲዲው መሞከሪያ ቁልፍ አንድ ጣት ብቻ ይፈልጋል፤ ተጭኖ ካልቆረጠ ሞቷል ማለት ነው። ቆጣሪ ሲያዩ አብሮ መጫን የሰከንዶች ሥራ ነው።

ባለፉት ዓመታት በክልሉ በተፈጠረው ግጭት ደግሞ ይህ ክርክር ይበልጥ ጠንክሯል። መስመር ሲቆረጥ ጠጋኝ ቡድን ወደ ገጠር መውጣት ይቸግረዋል፤ የወደቀ ሽቦ ሜዳ ላይ ይቆያል፤ ሰዉ እንደቻለ ይጠጋግናል። መርማሪ መንገድ ካልተከፈተለት አይመጣም፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያም እንዲሁ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ዕቃ ግን መንገድ አይፈልግም። እጅግ አስተማማኙ ደንብ ባለሥልጣን በሌለበት ሰዓት ራሱን የሚያስፈጽም ነው፤ ለምዕራብ ጎጃም ዛሬ ይህ የምርጫ ጉዳይ አይደለም።

ጊዜውም እየሸሸን ነው። ጣና በለስ በ2002 ዓ.ም. 460 ሜጋዋት ይዞ ሥራ ጀመረ፤ የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ቡሬ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና ግዙፍ የዘይት ፋብሪካ አላት። ብዙ ኃይል መጥቷል፤ ብዙ ቤትም ይገናኛል፣ መገናኘትም አለበት። በጭሱ የምታነባ፣ እንጨት ለመልቀም የምትሄድ ሴት መብራት ይገባታል። ጥያቄው ቀጣዮቹ ቆጣሪዎች ሲተከሉ ሳጥኑ ውስጥ ምን ይኖራል የሚለው ነው። አንዴ ከተተከሉ በኋላ ተመልሶ ማስተካከል የሚያስፈልገው ገንዘብና ጉልበት ብዙ እጥፍ ነው፤ ያለ መሬት ሽቦ የተዘረጉት የትናንት ቤቶች ምስክር ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ስለ ቆጠራው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ተጀምሯል። ገጠር ውስጥ ግን ሰው በሞተበት ቀን ይቀበራል፤ ዕድር ይወጣል፣ ድንኳን ይተከላል፣ «መብራት ያዘው» ተብሎ ይለቀሳል፤ ምክንያቱ ግን መዝገብ ላይ አይወርድም። ያልተቆጠረ ሞት ማንንም አያስጠይቅም፤ «ግንዛቤ ጎድሎ ነው» ለማለትም ይመቻል። የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የእናቶችን ሞት እንደምታሳውቅ ሁሉ በኤሌክትሪክ የሞተውንም ታሳውቅ፤ ቤቱ አርሲዲ ነበረው ወይስ አልነበረውም፣ ቆጣሪው የራሱ ነበር ወይስ ቅጥያ፣ ዕቃው ምጣድ ነበር ወይስ ሽቦ፣ ሦስት መስመር ብትጽፍ ይበቃል። ያ መዝገብ ካለ ደንቡ ይሠራል ወይስ አይሠራም ብለን መከራከር አያስፈልገንም፤ ሁለት የቀበሌ ዝርዝር፣ ዕቃው የተገጠመበትና ያልተገጠመበት፣ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ይህን በአንድ መመሪያ ማዘዝ ይችላል፤ ከዛሬ ጀምሮ የሚገባ አዲስ የቤት ቆጣሪ በሙሉ በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጥ መከላከያ ሳይገጠምለት አይገናኝም፣ ገጣሚውም ኃላፊውም መብራት አገልግሎት ነው ብሎ። ነባሮቹ ቆጣሪዎች በካርድ ቆጣሪ ሲቀየሩ ይከተሉ። ጅምሩ ፍኖተ ሰላም ቢሆን ደግሞ እወዳለሁ፤ የዞኑ መቀመጫ ናት፣ ሆስፒታል አላት፣ በኤሌክትሪክ የተጎዳውን የሚቀበሉ ሐኪሞችም ከወረዳዎቹ የሚመጣው ሰው መቀነሱን ወይም አለመቀነሱን ከማንም በፊት ያውቃሉ።